ሲስተር ውቢት ያልመለሰችልኝ ክር

ሲስተር ውቢት ሞተች ብለው የነገሩኝ ገበያ መሀል ነው፤ ሽንኩርት እየመረጥሁ። "እማማ፣ ያቺ የኩታበሯ ቀጭን ሲስተር አርፋለች አሉ እኮ" አለችኝ ሽንኩርት ሻጯ፣ ሞቱን እንደ ምርቃት ከላይ ጣል አድርጋ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ። "ተይ ባክሽ፣ ሞት ቢመጣባት እንኳ 'ከመቼ ጀምሮ ነው የመጣህብኝ? ጠዋት ነው ማታ?' ብላ ሳትጠይቀው አትሄድለትም" አልኋት። ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ቤቴ ገባሁና ነጠላዬን ሳላወልቅ መደብ ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተነሳሁም።

ስለ እሷ ልንገራችሁ። ፊደል ስላልቆጠርሁ እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፍልኛል፤ ከተሳሳተ እሱን ተቆጡት።

የእኛ አገር ወይን አምባ ናት። መካነ ሰላም ገበያ ውላችሁ በእግር ብትመለሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርሳላችሁ። ጤና ጣቢያ ተሠርቶልን ነበርና አንድ ቀን ፈረንጆች መጥተው አንድ መሣሪያ ሰጥተውን ሄዱ። አልትራሳውንድ ይሉታል። ሆድ ላይ ቅባት ይቀቡና ሳሙና የምታህል ነገር ሲያንሸራትቱበት የውስጥ ዕቃሽ ሁሉ በቴሌቪዥን ይወጣል። መሣሪያው መጥቶ ስንት ጊዜ ያለ ሰው ከቆመ በኋላ፣ እሱን የተማረች ነርስ ላኩልን። ሲስተር ውቢት ማለት እሷ ናት።

ስሟ ውቢት ነው፤ ስሙን ያወጡላት ግን ሳያዩዋት መሆን አለበት። ረጅም፣ ቀጭን፣ አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ የመሰለች። የሆነ ነገር አተኩራ ስታይ አንድ ዐይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ክረምት ከበጋ አንዲት አረንጓዴ ሹራብ ናት የምትለብሰው። ይህን ሁሉ ፊት ለፊቷ ነግሬያታለሁ። "እማማ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ለማየት ነው እንጂ ለመታየት አይደለም" አለችኝ። እንደሱ ስትመልስልኝ ነው የወደድኋት።

አገራችን ብርድ ነው። ያ ቅባት በጠዋት ሆድ ላይ ሲያርፍ በረዶ ነው፤ ነፍሰ ጡሮቹ ይጮሁ ነበር። እሷ ታዲያ ገና ከቤቷ ስትወጣ የቅባቱን ዕቃ ሹራቧ ውስጥ ከብብቷ ሥር ሸጉጣ ነው የምትመጣው። መንገድ ላይ ሰላም ስትላችሁ አንድ እጇ ከጎኗ አይላቀቅም። ክንዷ ሽባ የመሰላቸው ሁሉ ነበሩ።

"እንቁላል ታቅፈሻል እንዴ? መቼ ነው የሚፈለፈልልሽ?" እላታለሁ።

"ነገ ነው እማማ። አንዱ ጫጩት የእርስዎ ነው።"

መጀመሪያ የተዋወቅነው እኔ ዋሽቼ ነው። ያን ቴሌቪዥን ማየት አምሮኝ ሆዴን ይዤ እያቃሰትሁ ሄድሁ። አስተኛችኝ። ሙቅ ቅባቷን ቀባችኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።

"የት ነው የሚያምዎት?"

"እዚህም፣ እዚያም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት... አይ፣ ከዓምና ጀምሮ።"

"ሲበሉ ይብሳል ወይስ ሲራቡ?"

"ሲጠይቁኝ ይብሳል።"

የያዘችውን አስቀመጠችው። አንድ ዐይኗን ጨፈን አድርጋ አየችኝ። "እማማ፣ የእኔ ዐይን ግማሹን ነው የሚያየው። ግማሹን ሰውየው ካልነገረኝ ይሄ መሣሪያ ጥላ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ የመጡት ቴሌቪዥን ለማየት ነው።"

አፈርሁ። ሳቀች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። "ይኸው ጉበትዎ። ይኸው ኩላሊትዎ።"

"ጉበቴ ሸጋ ነው?"

"ሸጋ ነው።"

"ለማንም እንዳታሳዪብኝ።"

ለመጣው ሁሉ ያንኑ ነበር የምትለው፤ "ዐይኔ ግማሹን ነው የሚያየው።" ባላገሩ እየተቀባበለ ይቀልድባት ነበር። ሰው ሁለት እንጀራ ሲያነሳ "ዐይኔ ግማሹን ነው ያየው" ይላል። እኔም አንዷ ነኝ።

አሁን ወደ ዘሐራ ልምጣ። ዘሐራ ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። እሷ ስትሰግድ፣ እኔ ማርያምን ስለማመን፣ አንዳችን የሌላችንን ድምፅ እየሰማን ነው የኖርነው። ባሏ ሞቶባታል። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ከሪማ። ዘሐራን የማህፀን ካንሰር ይዟት ደሴ ማህፀኗን አውጥተውላት ድና ነበር። ያኔ ከሪማ ትምህርቷን ጥላ ጅዳ የገባችው፣ የሰው ቤት ልትሠራ፣ ለእናቷ ሕክምና ብላ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ከሪማ ጅዳ በገባች በሦስተኛው ዓመት ዘሐራ እንደገና ሆዷን ያዘች። ከእምብርቷ በታች፣ በግራ በኩል። ሲይዛት አጥሩን ጨብጣ ትንበረከካለች፤ ሲለቃት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ጎመኗን ትኮተኩታለች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሲስተር ውቢት ለእረፍት ኩታበር ሄዳ አልነበረችም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ የደሴውን የድሮ ወረቀት ገልጦ አየና፣ እሷን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣

"ተመልሶ መጥቷል። ማህፀን የላትም፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቤቷ ውሰዷትና የምትወደውን አብሏት" አለን።

የምትወደውን አብሏት ሲባል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል።

ዘሐራ አላለቀሰችም። ከመካነ ሰላም ነጭ አቡጀዲ አስገዛችና ለከፈኔ ብላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠች። ያኔ ሞባይል የለም፤ መካነ ሰላም ቴሌ ወርዳ ከሪማን ስታገኛት "አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ልጄ፣ አብሽሪ" ብላት ትመለሳለች። እኔም እየሄድሁ አጫውታታለሁ። "ይሄ አቡጀዲ ለአንቺ ይበዛል፣ ትራፊውን ለእኔ ቀሚስ አድርጊው" እላታለሁ። ትስቃለች። ቤቴ ስገባ ነው እኔ የማልስቀው።

ሲስተር ውቢት እንደተመለሰች ዘሐራን እየጎተትሁ ወሰድኋት። አስተኛቻት፤ ቅባቱን ከብብቷ አወጣች።

"ሕመሙ የሚመጣው መቼ ነው?"

"ሲፈልገው" አለች ዘሐራ።

"እሱስ ሲፈልገው ነው። የሚፈልገው መቼ ነው?"

ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ነበር። "ሲስተር፣ ማህፀኗ ወጥቷል እኮ። ስለ ወር መጠየቅ ምን ይፈይዳል?"

"ማህፀኗ ወጥቷል። እንቁላል የሚያመርቱት ግን ወጣት ስለነበረች ትተውላታል፤ ወረቀቱ ላይ አለ። እነሱ ካሉ ወሩ አልቀረም፤ ደሙ መውጫ በር አጣ እንጂ።"

ዘሐራ ቀኑን አታስታውስም። ታማ ቀን ማን ይቆጥራል? እኔ ግን አፌ አያርፍም አላልኋችሁም? "እኔ ልናገር?" አልሁ። "አንዴ ጊዮርጊስን ልስም ስወጣ ነው አጥሩ ላይ ተንበርክካ ያገኘኋት፤ ሳልስም ቀረሁ። በሚቀጥለው ወር ማርያምን ልስም ስወጣ። ባለፈው ደግሞ ለገብርኤል ተጣጥቤ ለብሼ። የእስላም ታቦት የለም እንጂ ከታቦቶቹ ጋር ተጣልታለች ብያታለሁ።"

የሲስተር ውቢት እጅ ዘሐራ ሆድ ላይ ቀጥ አለ። "እማማ፣ እስቲ እንደገና ይንገሩኝ።"

እንደገና ነገርኋት። በጣቷ ቆጠረች። ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት፣ ማርያም ሃያ አንድ፣ ገብርኤል ዐሥራ ዘጠኝ። "በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየቀደመ፤ በየሃያ ስምንት ቀኑ" አለች፣ ለራሷ ነው የምታወራው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ወደ ዘሐራ አዞረች። "ነይ እዪው፤ የአንቺ ነው።"

እኔም አንገቴን አሰገግሁ። ከረጢት የመሰለ ክብ ነገር አለ፤ ውስጡ እንደ ጠዋት ጭጋግ ነው፤ ወጥ፣ ግራጫ፣ ምንም የማይለይበት። አንድ ነገር ነካች፤ ከረጢቱ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ አለ። ውስጡ ግን ጭር።

"ይሄ ቀይና ሰማያዊ ደም የሚሄድበት ነው" አለች። "ክፉው በሽታ ብዙ ጊዜ ጓል ጓል ነው፤ ውሃ ጠልፎ ማሳው እንደሚያስገባ ገበሬ ደም ወደ ራሱ ይስባል። ይሄ ግን አልሳበም። የወር አበባሽ ዓይነት ሥጋ ከቦታው ውጭ ወድቆ በየወሩ እየደማ፣ ደሙ ተጠራቅሞ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል ማለት ምንድን ነው?" አለ ኃላፊው።

"አላውቅም ማለት ነው። ዐይኔ ግማሹን ነው ያየው። ግማሹን እናስቆጥራለን።"

የምታስቆጥረው እኔን ነው! ደብተር ብትሰጠኝ ምን አደርገዋለሁ? ፈታይ ነኝና ፈትል አመጣሁ። በየቀኑ እንዝርቴን ሳስቀምጥ አንድ ቋጠሮ። ዘሐራን ያመማት ቀን ደግሞ ቋጠሮው ላይ ከጥለት ቀይ ክር። ሦስት ወር እንዲህ ቋጠርሁ። ሲስተር ውቢት ክሩን ተቀብላ በክንዷ ለካችው፤ ከቀይ እስከ ቀይ፣ ከቀይ እስከ ቀይ። እኩል ነው። ወላሂ እኩል ነው፣ ትል ነበር ዘሐራ፤ እኔም በማርያም እምላለሁ።

ዘሐራን በወረቀት ደሴ ላከቻት። እዚያ ትልቁ ሐኪም በመርፌ ቀድቶ አስመረመረና ካንሰር አይደለም አለ። ዘሐራ ስትመለስ ከመኪናው ወርዳ መንገድ ላይ ሰገደች። ያን አቡጀዲ ከሳጥን አውጥታ ለመስኮቷ መጋረጃ ሰፋችው። "ከሪማ ስትመጣ ቤቱ ይመርባት" አለች።

"ከከፈን መጋረጃ የሠራች ሴት አንቺን ብቻ አየሁ" አልኋት።

"ሲያስፈልገኝ አወርደዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ!"

ሲስተር ውቢት ግን አልሳቀችም። ሁለታችንንም አስቀምጣ ነገረችን። "አንዴ ያ አይደለም ተባለ ማለት ሁለተኛ አይመጣም ማለት አይደለም። በየሦስት ወሩ አያታለሁ። ሕመሙ ቀኑን እስከጠበቀ አትደንግጡ። ቀኑን የሳተ ዕለት ግን ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን አምጧት። ክፉው በሽታ ቀን አይቆጥርም። እማማ፣ ክሩን አደራ።"

"አደራሽን በልቼ አላውቅም" አልኋት። እንዲህ ብያት ነበር።

ያን ጊዜ ስብሰባ ነበር፣ አይጣል! ግምገማ ይሉታል። አንድ ቀን የጤና ጣቢያውን ሠራተኛ ሕዝብ ባለበት እንገመግማለን አሉና ከየመንደሩ ሴትም ወንድም ጠሩ። እኔም ተጠራሁ። ኃላፊው ተነስቶ "አንዳንድ ባለሙያዎች ከተሰጣቸው ድርሻ አልፈው የበላያቸውን ምርመራ ይሽራሉ" አለ። ስሟን አልጠራም፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

ሲስተር ውቢት ተነሳች፤ አንድ ክንዷ እንደተጣበቀ ነው። "ምርመራ አልሻርሁም። ጠየቅሁ" ብላ ተቀመጠች።

እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ሰውየውም እየለዘበ መጥቶ ነበር። እኔ ግን እጄን አወጣሁ። "ጌታዬ፣ አንቱ ዐይን አለዎት፤ የጎደለዎት ጆሮ ነው። የሲስተር ደግሞ ትርፍ ነው፤ አንዱን ታውስዎት።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከወረዳ የመጡት ሳይቀሩ ሳቁ። የኃላፊው ፊት ጠቆረ። ያልሳቀችው ሲስተር ውቢት ብቻ ናት። አንድ ዐይኗን ጨፈን አድርጋ አየችኝ። እኔ ደግሞ በአሸናፊነት ጥቅሻ ላክሁላት!

ወር ሳይሞላ የዝውውር ወረቀት መጣላት። ለሥራ ቅልጥፍና ይላል አሉ። ከአቀስታ ወዲያ፣ ደጋው ላይ ላኳት። ልሸኛት ስሄድ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ መኪና ትጠብቃለች።

"በእኔ ምላስ ነው አይደል?" አልኋት።

"ቀልድዎት ጥሩ ነበር እማማ" አለችኝ። መኪናው ሲነሳ ከመስኮት አንገቷን አውጥታ "ክሩን!" አለች።

መሣሪያው ተቆለፈበት። በእሷ ስም የተመዘገበ ንብረት ነው፤ ርክክብ ሳይደረግ አይከፈትም አሉ። ለርክክቡ ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ለኮሚቴው ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ሄዷል። በመስኮት አሾልቄ አይቼዋለሁ፤ ጨርቅ አከናንበው እንደ ሙሽራ አስቀምጠውታል።

እሷ በሄደች በሁለተኛው ወር ቀዩ ክር ያለቦታው ታሰረ። በስምንት ቀኑ እንደገና። ከዚያ ሦስት ቀን ተከታትሎ። ዘሐራ አጥሩን ተደግፋ እጄን ታያለች።

"እማማ፣ ይፍቱት።"

"ምኑን?"

"ቀዩን። ቦታው አይደለም።"

"ቦታውን የሳተው ሕመምሽ ነው፤ ክሬ ምን በደለ? ተነሺ ደሴ እንሂድ።"

"እማማ፣ ከሪማ ለአረፋ ትመጣለች። ኮንትራቷ አልቋል። ተመልሶባታል ሲባል ከሰማች ግን ሌላ ሁለት ዓመት ትፈርማለች። ወላሂ ትፈርማለች። ስታልፍ ስታገድም የምትታይ ልጅ ነበረችኝ፣ በእኔ ሰበብ በድምፅ ብቻ ቀረች። አረፋን አቅፌያት ልዋል። ከዚያ የፈለጉበት ይውሰዱኝ።"

"ሲስተር በዚያው ቀን ብላለች።"

"ሲስተር የት አለች? በሩስ መቼ ተከፈተ? ደግሞ ያ ደም ነው የሚሆነው፤ ራሷ አይደለች ያለችን?"

አረፋ ሦስት ወር ተኩል ይቀረዋል። እኔ ምን ላድርግ? እኔም እናት ነኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ያ ደም ነው የሚለውን ማመን ደስ ይላል። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ ሲለኝ በምራቄ አራስሁት። ፈታሁት። ቀዩን ከቀድሞው ጋር እኩል በሚሆንበት ቦታ መልሼ አሰርሁት። በሚቀጥለው ጊዜም። ከዚያም።

አንድ የገበያ ቀን መካነ ሰላም የአቀስታው ሚኒባስ ሹፌር ጠራኝ። "እማማ፣ አንዲት ቀጭን ሲስተር መልእክት ልካለች። 'ክሩ እንዴት ነው?' ብላለች። መልሱን ሳትይዝ እንዳትመጣ ብላኛለች።"

ይኸውላችሁ፣ ያኔ ነበር። ያኔ "ጠሟል" ብል በማግሥቱ ትመጣ ነበር።

"ክሩ እንደ አንቺ ቀጥ ብሎ ቆሟል በላት" አልሁት። ሹፌሩ ሳቀ። እየሳቀ ሄደ።

ከሪማ ለአረፋ መጣች። ሸጋ ሆናለች፤ ትልቅ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ ለእኔም ጫማ አመጣች። ዘሐራ ቀጥ ብላ ተቀበለቻት። ቀኑን ሙሉ ልጇ ጭን ላይ እጇን አሳርፋ፣ ከዚያ ነጭ መጋረጃ ሥር ተቀምጣ፣ የመጣውን ሁሉ "ልጄን አያችኋት?" ስትል ዋለች። በዐሥራ አንደኛው ቀን ከመቀመጫዋ ስትነሳ ወደቀች። ከሪማ ልብሷን ስታወልቅላት የሆዷን ማበጥ አየች። ደሴ ወሰደቻት። በአራተኛው ቀን መለሷት። ሐኪሙ ከሪማን "ከጥቂት ወራት በፊት ብታመጧት ኖሮ አንድ ነገር እናደርግ ነበር" ብሏታል። ከሪማ ይህን የነገረችኝ እኔው ትከሻ ላይ እያለቀሰች ነው። ስለ ክሩ ምንም አታውቅም።

ሲስተር ውቢት ከሹፌሩ ሰምታ መጣች። ያቺው ሹራብ ናት። ዘሐራ አጠገብ ብዙ ተቀመጠች፤ ምንም አልጠየቀቻትም። መቼም ሳትጠይቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ደጅ ወጣችና "እማማ፣ ክሩን" አለችኝ።

ሰጠኋት። ወደ ፀሐይ አዙራ ቋጠሮውን በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ቀይ ክር የለም፤ ነጩ ፈትል ላይ ግን ደብዘዝ ያለ ቀይ አለ። የጥለቱ ቀለም በምራቄ ለቆ ነው። እኔ አላየሁትም ነበር፤ ዐይኔ ደክሟል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዝናብ ነክቶት ነው።"

ቀጠለች። ሌላ ቦታ ቆመች። ሌላ። ሌላ። ሁሉም ላይ እየቆመች እስከ መጨረሻው ሄደች። ከዚያ አንድ ዐይኗን ጨፈን ሳታደርግ፣ በሁለቱም ዐይኗ አየችኝ። ስደቢኝ እባክሽ፣ እላለሁ በሆዴ። ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችውና የቅባቱ ዕቃ በሚሆንበት ቦታ፣ ከብብቷ ሥር አስገባችው።

"ብርድ ነው እማማ፣ ይግቡ" አለችኝ።

ዘሐራ በሳምንቷ ሞተች። ለከፈኗ ሌላ አቡጀዲ ተገዛ፤ ያንን ከመስኮቱ ለማውረድ ማንም እጁ አልሄደለትም። ከሪማ አርባዋን አውጥታ ጅዳ ተመለሰች። ሌላ ሁለት ዓመት ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ሲስተር ውቢትን አላየኋትም። አስተማሪ ሆነች ሲባል ሰማሁ። ሞታ ነው እንግዲህ ኩታበር የሄድሁት፤ በአቀስታ፣ በደሴ፣ ወገቤ ተቆርጦ። ድንኳኑ ሞልቷል። ነጭ የለበሱ፣ እሷ ያስተማረቻቸው ነርሶች ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ለጓደኛዋ ታወራለች።

"መጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገባ መሣሪያ አላሳየችንም እኮ። አንድ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት ክር ነው በእጃችን ያዞረችው። 'ምን ይታያችኋል?' ትላለች። 'ቋጠሮ።' 'ሌላስ?' 'ቀይ ክር።' 'ሌላስ?' ወደ መስኮት ወስደሽ ካላየሽው አይታይም፤ ቀይ ክር ተፈትቶ የቀረ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነገር አለው። 'አንዲት ሴት የሞተችው እዚህ ጋ ነው' ትለናለች። ክሩ አሁንም መሳቢያዋ ውስጥ አለ።"

"ማን ፈታው?" አለች ጓደኛዋ።

"አንዲት አሮጊት። ስሟን ነግራን አታውቅም። አንዷ ልጅ 'ምን ዓይነት ክፉ አሮጊት ናት' ስትል ሲስተር ተቆጣቻት። 'ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሰው አፍ ልኬ ነው የጠየቅኋት። ሄጄ ዐይን ዐይኗን እያየሁ ብጠይቃት አትዋሸኝም ነበር' አለቻት።"

ዐይን ዐይኔን እያየች ጠይቃኝ ነበር እኮ። ዝናብ ነክቶት ነው ብያታለሁ። ያን ለተማሪዎቿ አልነገረቻቸውም።

ልጅቷ ዞር አለችና "እማማ፣ ከሩቅ ነው የመጡት? ሲስተርን የት ነው የሚያውቋት?" አለችኝ።

"ጉበቴን አይታልኝ ነበር፤ ሸጋ ነው ብላኛለች" አልኋት።

ሳቁ። ለቅሶ ቤት ነውና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። አያችሁ፣ እዚያም። ድንኳኗ ውስጥም።

አስረበብ እባላለሁ። ክሩን የፈታሁት እኔ ነኝ።